ጀበናን ማን ፈጠረው?

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በዋንዛውና በብርብራው ጥላ ሥር ቡናው ራሱ ጫካ ሆኖ በሚታይበት አገር፣ ክረምቱ አልፎ ፍሬው መቅላት በሚጀምርበት በጥቅምት ወር፣ አንድ ማታ ከአንድ ደግ ቤተ ሰብ ዘንድ ቡና ተጠርቼ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የቤቱ የልጅ ልጅ የሆነች የሰባት ዓመት ሕፃን፣ አያቷ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አንሥተው በማቶቱ ላይ ሲያሳርፉት ትክ ብላ ከተመለከተች በኋላ «እማማ፣ ጀበናን ማን ፈጠረው?» ብላ ጠየቀች። አያቲቱም ሳያመነቱ «እግዚአብሔር ነዋ፣ የኔ ልጅ፤ ሁሉን የፈጠረ እሱ አይደለም ወይ?» ሲሉ መለሱላት። በበሩ አጠገብ በጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ጎረቤት፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሼኽ፣ ስኒያቸውን ዝቅ አድርገው «አላህ ጭቃውን ፈጠረ፤ ጀበናውን የሠራችው ግን ሸክላ ሠሪዋ ናት፤ ልጅቱ የጠየቀችው ስለ እሷ መሰለኝ» አሉ። ሕፃኗ ሁለቱንም ተራ በተራ ተመለከተች፤ መልስ እንዳላገኘች ከፊቷ ይታወቅ ነበር።

ሁለቱም ሽማግሌዎች እውነት ተናግረዋል፤ እኔ ግን በዚያች ሌሊት ጥያቄዋን ይዤ አደርሁ። በቋንቋችን ፈጣሪ የሚለው ስም ለብዙ ዘመን ባለቤቱ አንድ ብቻ ነበረ፤ በእኛ ዘመን ግን መኪና ለሠራም፣ አዲስ መድኃኒት ለቀመመም «የፈጠራ ሰው» እንላለን፤ ደግሞም ያልሆነውን ሆነ ብሎ ለሚያወራ ሰው «ይህ ፈጠራ ነው» ብለን ቃሉን የሐሰት መጠሪያ እናደርገዋለን። የአምላክ ሥራ፣ የሰው ብልሃትና የሐሰተኛ ወሬ በአንድ ቃል ሲጠሩ፣ በዚያ ቃል ውስጥ አንድ ያልተፈታ ፍርሃት እንዳለ እገምታለሁ፤ ይኸውም ሰው አዲስ ነገር ሲያስብ በፈጣሪው ሥራ ገብቶ ይሆን ወይ የሚል ፍርሃት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ግን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ለዚህ ፍርሃት መፍቻ የሚሆን ልዩነት አስቀድመው አኑረውልናል። ከፍጥረታት አንዳንዱ እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ፣ ማለትም ካለመኖር ወደ መኖር የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ግን ግብር እምግብር፣ አስቀድሞ ከተፈጠረው የተገኘ ነው ይላሉ። ካለመኖር ማምጣት የእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ሰው ሊሠራ የሚቻለው ሁሉ፣ እጅግ የረቀቀው መሣሪያ እንኳ ሳይቀር፣ ግብር እምግብር ነው። ጀበናን እንመልከት፦ አፈሩ መሬት ነው፤ በውሃ ይላቆጣል፤ በነፋስ ይደርቃል፤ በእሳት ይጠበሳል። ሊቃውንቱ የዓለም መሠረት ናቸው የሚሏቸው አራቱ ባሕርያት ሁሉ በዚያ በጥቁሩ ገላ ውስጥ ተገናኝተዋል። ሸክላ ሠሪዋ በእነዚህ ላይ አምስተኛ ባሕርይ አልጨመረችም፤ የጨመረችው መልክንና ሐሳብን ነው። ፍርሃቱም በዚህ ይወገዳል፤ ነገር ግን በፈንታው ሌላ የሚከብድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይህ ሐሳብ ምንድን ነው፣ ከየትስ መጣ?

በዚያው ማታ ጨዋታው እንደ ቀጠለ፣ በጅማ ከተማ የሚማረው የቤቱ ወጣት ከደብተሩ የተገነጠለ አንድ ወረቀት አምጥቶ አሳየን። ጀበና በጠባብ አንገቱ በድንገት የሚገነፍለው፣ የቡናው ዱቄት ከላይ ተሰብስቦ እንደ ክዳን ስለሚሆንና እንፋሎቱ ከሥር ታፍኖ ስለሚገፋው መሆኑን አስተውሎ፣ በአንገቱ ዳር ትንሽ የሸክላ ፉጨት ቢቀጠልለት፣ አረፋው ከመውጣቱ በፊት የሚወጣው እንፋሎት ያስፏጨውና ቡና አፍዪዋ ሌላ ሥራ ይዛ ብትሆን እንኳ ይጠራታል ብሎ ሥዕሉን አበጅቶ ነበር። እኔ ሐሳቡን ወደድሁት። አያቲቱ ግን ወረቀቱን እንኳ ሳያዩ «ጀበናው ራሱ ከጮኸልኝማ እኔ ምኑን ልጠብቅ? እሱን ስጠብቅ እኮ ነው የሞቱትን የማስታውሰው፤ ለጎረቤት የምጸልየውም ያን ጊዜ ነው» አሉ። ሼኹም ራሳቸውን በመነቅነቅ ተስማሙ፤ በዚያ አገር ቡና ሲፈላ ዱዓ ይደረጋልና፣ የጀበናው ዝምታ ለእርሳቸውም የዱዓው ጊዜ ነው።

ወጣቱ አንገቱን ደፋ፤ እኔም አዘንሁለት፤ ነገር ግን በኋላ ሳስበው የአያቲቱ ቃል ስለ ፈጠራ ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ የጠለቀ ሆኖ አገኘሁት። ሰው ድካምን የሚያቀልል ነገር ሲያስብ መልካም ያስባል፤ ነገር ግን ከሰው ላይ የሚነሣው ድካም ነው ወይስ ትጋህ፣ ማለትም ነቅቶ መጠበቅ፣ ነው ብሎ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። ቡናውን በሙቀጫ እየወቀጠች ክንዷ የሚዝለው ሴት፣ ከወንዝ ውሃ ተሸክማ አቀበት የምትወጣው ልጅ፣ ከማለዳ እስከ ማታ በቡና አልጋ ዙሪያ ቆማ የተበላሸውን ፍሬ የምትለቅመው ሠራተኛ፣ እነዚህ የሚሸከሙት ሸክም ነው፤ ሸክምን ማንሣትም ምጽዋት ነው። ጀበናን መጠበቅ ግን ሸክም አይደለም፤ የልብ ማረፊያ ነው። ስለዚህ ለሙቀጫው ከወጣቱ ጋር እቆማለሁ፤ ለጀበናው ከአያቲቱ ጋር እቆማለሁ፤ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ሕግ ግን ላወጣ አልቻልሁም።

ሐሳብ ከየት ይመጣል ወዳልነው ስመለስ፣ የጅማ አገር ራሱ አንድ ታላቅ ምስክር አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ የተባለው፣ ቀድሞ በ1922 በኬንያ ታውቆ የነበረው ደዌ፣ ወደ አገራችን ገባ። ይህ ደዌ ፈንገስ ከተባለው ከረቂቅ ዘር የሚመጣ ሲሆን፣ ፍሬው ገና እሸት ሳይሆን በአረንጓዴነቱ ሳለ ይይዘውና ያጠቁረዋል፤ ገበሬው ዓመት ሙሉ የጠበቀው ቅርንጫፍ በጥቂት ሳምንት የከሰል ፍሬ የተንጠለጠለበት ይመስላል። መርጨት የሚቻል መድኃኒት ነበረ፤ ነገር ግን በጫካ ውስጥ ላለ ቡና፣ ለድኻ ገበሬ፣ በየዓመቱ እየገዙ መርጨት የማይሞከር ነው። በጅማ አጠገብ በመልኮ የሚገኘው፣ በ1967 የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ማዕከልና ባልንጀሮቹ ያደረጉት ነገር፣ ዛሬ ስናስበው ቀላል የሚመስል ነው፤ ወደ ጫካው ገብተው ፈለጉ። በደዌው በተመታ ጫካ መካከል አንዲት ዛፍ ፍሬዋ ሳይነካ ቆማ ብትገኝ፣ የእርሷን ዘር ወስደው ፈተኑት፤ የዳነውንም አበዙት። ዛሬ የቡና ገበሬ 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74158 እያለ በቍጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች እንደዚህ የተገኙ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን ዓመት 1974ን የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ እናት ዛፎቻቸውም የተገኙት በኢሉባቦር በመቱ አቅራቢያ ቢሻሪ ከተባለው ቦታ ነው። በሽታው ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት መድኃኒቱ በቢሻሪ ጫካ ተተክሎ ይጠብቅ ነበር። የጎደለው የሚያይ ዓይን ብቻ ነበረ።

ከዚህ ጋር የሚዘመድ ሌላ ታሪክ አለ። በ1819 ጎተ የተባለው ታላቅ የጀርመን ባለ ቅኔ፣ ሩንገ ለሚባል ወጣት የኬሚስትሪ ተማሪ ጥቂት የቡና ፍሬ ሰጥቶ በውስጡ ያለውን መርምር ቢለው፣ ወጣቱ እንቅልፍ የሚያባርረውን ነገር፣ ካፊንን፣ ለይቶ አወጣ። ዓለም ካፊኑ በታወቀ ጊዜ ደግሞ ካፊን የሌለበት ቡና ተመኘ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሮዜሊዩስ የሚባል የብሬመን ነጋዴ ቡናን በእንፋሎት እያራሰ ቤንዞል በሚባል ኬሚካል ካፊኑን የሚያወጣበትን ዘዴ አገኘ፤ ቤንዞልም በኋላ ጎጂ መሆኑ ታወቀ። መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በ2004፣ የብራዚል ሊቃውንት በ1964 ከኢትዮጵያ በተወሰደ ዘር ከበቀሉ ወደ 3,000 ከሚጠጉ ዛፎች መካከል ካፊናቸው ከምንም የማይቈጠር ሦስት ዛፎች አገኘን ብለው ለዓለም አስታወቁ። ሰው በፋብሪካ ሲደክምበት የኖረውን ነገር ዛፏ በራሷ ባሕርይ አድርጋው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልሆነልኝም፦ የዕፅዋት ሊቁ ሊኔዎስ በ1753 ለዚህ ዕፅ የሳይንስ ስም ሲያወጣ የዐረብ ቡና ብሎ ጠራው፤ የተወለደበት አገር በስሙ የለም፤ ሦስቱንም ዛፎች ያገኟቸው ባዕዳን ናቸው። ይህ ለእኔ ከባዕዳኑ ይልቅ በእኛ ላይ የሚነገር ቃል ሆኖ ይሰማኛል፤ በደጃችን የቆመውን ሳንጠይቀው ኖረናልና።

ለምን አልጠየቅንም? አንደኛው ምክንያት አዲስ ነገርን መፍራት ነው፤ ይህም የእኛ ብቻ አይደለም። ቡና ራሱ በ1511 በመካ ተከልክሎ ነበር፤ የከተማይቱ ሹም ኻይር ቤይ ሊቃውንትን ሰብስቦ ቡና ያሰክራል በሚል አስወግዞት፣ በኋላ ከካይሮ የመጣው የሱልጣኑ ቃል ክልከላውን አላላው፤ የየመን ሱፊዎች ግን አስቀድመው ሌሊቱን ለዚክር ለመትጋት ይጠጡት ነበር። በእኛም አገር ክርስቲያኑ ቡናን የሌላ ሃይማኖት መጠጥ ነው ብሎ ለብዙ ዘመን ሲርቀው ቆይቶ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው ወደ ቤቱ አስገብቶ ዕጣን ያጨሰለት። ሁለቱ ሃይማኖቶች በየጊዜያቸው የዘጉትን በር በየጊዜያቸው ከፈቱት፤ በአጋሮ መንገድ በዚያች ማታ አያቲቱና ሼኹ ከአንድ ጀበና የጠጡት በዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከፍርሃት የከፋ ነው፤ ይኸውም ንቀት ነው። ጠቢብ የሚለውን የግእዝ ቃል ሁላችን እናከብረዋለን፤ ሰሎሞንን ጠቢብ እንለዋለን፤ መጽሐፍ አዋቂውን ጠቢብ እንለዋለን። ይኸው ቃል በአማርኛ አፍ ሲለሰልስ ጠይብ ሆነ፤ ጠይብም ብረት ለሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ ለምትሠራው የስድብ ስም ሆኖ ቀረ፤ ዓይናቸው ይበላል ተባለ፤ ልጅ አይጋባቸውም ተባለ። ከአንዱ ሥር ለአንዱ ዘውድ፣ ለሌላው እሾኽ አበቀልን። ማረሻውን ጠይቡ ካልሠራው የማያርስ ገበሬ፣ ጀበናውን ሸክላ ሠሪዋ ካልጠበሰችው ቡና የማይጠጣ ባላባት፣ በእነዚህ ሰዎች እጅ እየኖረ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ማዕድ አልቀርብም አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሥራው የሚሰድብን ሰው የሚያወግዝ ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዐዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ ከየሰፈሩ ፈጽሞ አልወጣም፤ በጅማም አገር በብዙ ቦታ ሸክላ ሠሪዎች ከመንደር ዳር ሰፍረው ይኖራሉ።

ይህን ንቀት ሃይማኖት አዘዘው የሚል ሰው ቢኖር መጻሕፍቱን ይመልከት። በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር መንፈሱን የሞላበት ሠራተኛ ባስልኤል ነው፤ መንፈሱም የተሰጠው ለስብከት ሳይሆን ወርቅና ናስ ለማንጠር፣ ዕንቍ ለመቅረጽ፣ ዕንጨት ለመጥረብ ነው። ቁርኣንም ነቢዩ ዳውድ ብረት እንደ ለሰለሰለትና ጥሩር መሥራት እንደ ተማረ ይናገራል፤ ይህን ያነሡልኝ እኒያው ሼኽ ናቸው፤ አንሥተውም «ነቢይ ብረት ከሠራ ብረት ሠሪ እንዴት ይናቃል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ሼኹ የተቀመጡባት በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ያለ ምስማርና ያለ ማጣበቂያ የተፈለፈለች ነበረች፤ ስሟ በአገር ሁሉ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያይቱን የጠረበ ሰው ስም ግን ማንም አያውቅም። በድሬስደን የምትኖር ሜሊታ ቤንትስ የተባለች የጀርመን የቤት እመቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 የቡናው አተላ ቢያስመርራት የናስ ዕቃ በሳስታ፣ ከልጇ ደብተር የቀለም መምጠጫ ወረቀት ወስዳ አነጠፈችበትና ቡናውን አጠለለችበት፤ በመንግሥት መዝገብ አስመዘገበችው፤ ስሟ እስከ ዛሬ በዓለም ይጠራል። በጀበና አፍ የምትወተፈውን የቃጫ ማጥለያ መጀመሪያ ያሰበችው የእኛ ሴት ያደረገችው ነገር ከዚህ በምን ያንሳል? ሐሳባቸው አንድ ነው፤ የተለያዩት ሜሊታን ስምሽ ማን ነው ብሎ የጠየቃት ሰው ስለ ነበረ ነው።

አሁን ስለ ሐሳብ ብቻ፣ ገና እጅ ስላልነካው ሐሳብ ልናገር። ከጅማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የእሸት ቡና ማጠቢያ አጠገብ ያገኘሁት አንድ ገበሬ እንዲህ አለኝ፤ ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ያለ ወቅቱ የሚመጣው ዝናብ ያበላሸዋል፤ ሌሊት ሲመጣ ደግሞ እስኪነሡና እስኪሸፍኑ ድረስ ይበሰብሳል። እርሱ ግን የቃጫ ገመድ ሲረጥብ እንደሚያጥር ከልጅነቱ ያውቃል፤ ከብት ያሰረበት ገመድ በዝናብ ተኰማትሮ ብዙ ጊዜ አይቷል። እንግዲህ ሽፋኑ በአልጋው ራስጌ ተጠቅልሎ፣ በተወጠረ የቃጫ ገመድ ቢያዝ፣ የመጀመሪያው ካፊያ ገመዱን ሲያሳጥረው መያዣው ተስቦ ቢለቀቅና ሽፋኑ በራሱ ክብደት ቍልቍል ቢዘረጋስ? «ገመዱ ዝናቡን ከእኔ በፊት ያውቀዋል» አለኝ። አልሠራውም፤ ገመዱ በጤዛ እየተታለለ ያለ ጊዜው ይለቅ እንደ ሆነም አልፈተነውም፤ ሐሳብ ብቻ ነው። እኔ ግን በዚህ ሐሳብ ፊት ቆብ ማውለቅ የሚገባ መስሎ ታየኝ፤ እንቅልፍ ለደከመው ሰው ይሰጣል፤ ከማንም ጸሎት አይወስድም፤ ከአራቱ ባሕርያትም ውጭ የሚለምነው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ሐሳብ በዚህ አገር በየቡናው ይነሣል፤ በመቀሸሪያዎቹ ደጃፍ እንደ ኮረብታ የተከመረውን የጀንፈል ገለፈት ጨምቆ በከሰል ፈንታ ማንደድ፣ ከማጠቢያው የሚወጣውንና ስኳሩ ሲብላላ የወንዙን ሕይወት የሚያሳጣውን ውሃ በሣር መስክ አሳልፎ ማጥራት፣ ሌላም ብዙ። አንዳንዱ ተሠርቷል፤ የሚበዛው ከሦስተኛው ስኒ በኋላ ከአተላው ጋር ይደፋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ኃጢአት በኀልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር፣ ማለትም በማሰብ፣ በመናገር፣ በማድረግ ይሠራል ብላ ታስተምራለች፤ ሰው ንስሐ ሲገባ እጁ ያደረገውን ብቻ ሳይሆን ልቡ ያሰበውንም ይናዘዛል። ይህ ትምህርት እውነት ከሆነ፣ እኔም እውነት እንደ ሆነ አምናለሁና፣ በኀልዮ የተሠራ ክፉ ነገር ክፉ ተብሎ ሲቈጠር በኀልዮ የተሠራ በጎ ነገር ስለ ምን ከንቱ ይባላል? ለጎረቤቱ እንቅልፍ ሲል ገመድን ያሰበ ሰው፣ ገመዱን ባይዘረጋውም፣ በልቡ አንድ የምሕረት ሥራ ጀምሯል። የምድር ሕግ በዚህ ነገር ሌላ መንገድ አለው፤ የ1987 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 123 የፈጠራ ባለ መብትነትን የሚሰጠው በተግባር ሊውል ለሚችል መፍትሔ ነው፤ በተፈጥሮ ያለውን ያገኘ ሰው፣ ማለትም በቢሻሪ ጫካ ዛፏን ያያት ዓይን፣ በእርሱ ባለ መብት አይሆንም። ለሕግ ይህ ልክ ነው፤ ዳኛ ልብን ሊመዝን አይችልምና። በጨዋታ መካከል ግን እኛ ዳኞች አይደለንም። ወጣቱ ወረቀቱን ሲያወጣ፣ ገበሬው ገመዱን ሲያወሳ፣ ሕፃኗ ማን ፈጠረው ስትል፣ ከእኛ የሚፈለገው ማድመጥና መጠየቅ ነው።

በሚመጣው ሐሙስ ወደ ጅማው የሂርማታ ገበያ የምትወጣ አንባቢ ሆይ፣ ጀበና ዘርግታ የተቀመጠችውን ሴት ዋጋ ቀንሺልኝ ከማለትህ በፊት ስሟን ጠይቃት። አንገቱን ስለ ምን እንደምታጠብበውም ጠይቃት፤ የምትነግርህንም ከነስሟ ጻፈው።